ባይኖኩላር የሌላቸው ወፍ ተመልካቾች፦ የጥምቀት ሰሞን በመሀል አዲስ አበባ

ወፍ ሊያይ የመጣ እንግዳ ሲቀበል የአዲስ አበባ አስጎብኚ የመጀመሪያ ሐሳቡ ከከተማ ቶሎ መውጣት ነው። መኪናው ነዳጅ ሞልቶ ያድራል፤ እንግዳው አንድ ሌሊት ተኝቶ ገና ሳይነጋ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ወይም ወደ ባሌ ይነጉዳል። ከተማዋ በጉዞው ፕሮግራም ላይ የምትጻፈው «የመድረሻ ቀን» ተብላ ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን የሆነው ነገር ይህን ልማድ በግድ አስቀየረ። ጉዳዩን ያጠናቀርኩት አስጎብኚው ከነገረኝ፣ እንግዶቹ ካሳዩኝ ማስታወሻ ደብተር እና እኔም አብሬያቸው ከነበርኩባቸው ሰዓታት ነው። የሰዎቹንም ሆነ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም።

እንግዶቹ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ጡረታ የወጡ፣ ከሰሜን አውሮፓ የመጡ ናቸው። በአገራቸው ጥር ፀሐይ ለጥቂት ሰዓታት ብቅ ብላ የምትጠፋበት ወር ስለሆነ ለአንድ ሳምንት ያህል ሙቀትና ወፍ ፍለጋ ወጥተዋል። ኢትዮጵያን ከዚህ በፊት አያውቋትም፤ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች እንዳሏት ግን ያውቃሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሌላ አገር የማይታዩትን መርጠው በትንሽ ደብተር ጽፈዋል። ከገጹ አናት ላይ የሰፈሩት የባሌ ወፎች ነበሩ። የገቡት አርብ ማታ ነው፤ ቅዳሜ ከተራ፣ እሑድ ጥምቀት።

ችግሩ የተፈጠረው ሻንጣቸው ሲፈተሽ ነው። ሁለቱም ባይኖኩላሮች ተያዙ። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያለ ፈቃድ ይዞ ወደ ኢትዮጵያ መግባት እንደሚያስይዝ በሥራው ላይ የቆየ አስጎብኚ ያውቀዋል። ወፍ ተመልካች የሚያመጡ ድርጅቶችም ለዚሁ ብለው እንግዳው ከመነሣቱ በፊት ደብዳቤ ያጽፋሉ። ይህን ጉዞ ያዘጋጀው ድርጅት አላስጻፈም። ሲጠየቅ የሰጠው መልስ «እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆን አያውቅም» የሚል ነበር፤ ዕድልን እንደ አሠራር የቆጠረ መልስ ነው። ፈታሾቹ በበኩላቸው ደንቡን አስረድተው፣ ደረሰኝ ቆርጠው፣ ደብዳቤ ሲመጣ ዕቃው እንደሚመለስ ተናገሩ። በመካከል ያለው ግን ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ያውም በዓል። የሚጽፍም የሚፈርምም ሰው አይገኝም።

አስጎብኚው በዚያች ሌሊት የነበሩትን አማራጮች ሲነግረኝ በጣቱ እየቆጠረ ነው። ያለ ባይኖኩላር ባሌ መሄድ አንዱ ነው፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ገላጣ አምባ ላይ ነጠብጣብ የሚያህል ወፍ ማየት ደግሞ ምን ይፈይዳል? ከሰው መዋስ ሌላው ነው፤ ያለው አንድ የሥነ ሕይወት መምህር ወዳጁ ነበር፣ እርሱም ለበዓሉ ወደ ጎንደር ሄዷል። ደግሞስ ቢገኝ? አራት ኪሎ ዙሪያ ቤተ መንግሥትና ፓርላማ ባለበት፣ ወረቀት የሌለው መነጽር አንገት ላይ አንጠልጥሎ መቆም ሌላ ጣጣ ይጠራል። የቀረው መሀል ከተማ ውስጥ መቆየትና በዓይን ብቻ ማየት ነው። «ጋሼ፣ የሚሳካ መስሎኝ አይደለም፤ ሌላ ስላጣሁ ነው» አለኝ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ እንግዶቹ ፊታቸው ጠቁሮ ወደ ሆቴሉ የአትክልት ቦታ ወረዱ። ፀሐይ ገና አልወጣችም፤ ጃኬት የሚያስለብስ የጥር ብርድ ነው። የመጀመሪያውን ወፍ ያገኙት በጆሯቸው ነው። ጋጋኖዎች ካደሩበት ዛፍ ተነሥተው እየጮኹ በላያቸው አለፉ። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ጩኸት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ስለኖረ ልብ አይለውም። ለእንግዶቹ ግን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የማይገኝ ወፍ ድምፅ ነበር። ጥቂት ቆይተው ሦስት ጋጋኖዎች ሣሩ ላይ አረፉ። አትክልተኛው በጎማ ውሃ እያጠጣ ሲመጣ ይሸሻሉ ብለን ጠበቅን፤ እነርሱ ግን ከኋላ ከኋላው ተከተሉት። ምክንያቱ ወዲያው ታየ። አንደኛው ወደ ታች የቆለመመ ረጅም ምንቃሩን ውሃ ባለሰለሰው አፈር ውስጥ እስከ ግማሹ ሰክቶ ጥቂት ቆመ፤ ሲያወጣው ጫፉ ላይ ወፍራም ነጭ ትል ተንጠልጥሏል። ራሱን ወደ ኋላ ወርወር አድርጎ ዋጠው። ከምንቃሩ ሥር የተንጠለጠለችው ቀጭን ቆዳ ስትወዛወዝ በግልጽ ትታያለች፤ ክንፉን ሲዘረጋ ነጩ ምልክት ቦግ ይላል። በእኛና በወፉ መካከል አሥር እርምጃ ቢኖር ነው። ሴትየዋ በጥቂቱ ፈገግ ብለው፣ በባይኖኩላር ቢያዩት ኖሮ አትክልተኛውን ሳያዩት ይቀሩ እንደነበር ተናገሩ።

የዚያን ጠዋት ማስታወሻቸው ቶሎ ሞላ። ጣሪያው ጠርዝ ላይ አንገቷ በነጭ የተከበበ የደጋ እርግብ ተቀምጣለች። ከምግብ ቤቱ በረንዳ ሥር ፍርፋሪ የምትለቅመው፣ ማንም ድንቢጥ ብሎ የሚያልፋት ግራጫ ቡናማ ወፍ ደግሞ ቅንድቧ ነጣ ያለ ነው፤ እርሷም የአፍሪካ ቀንድ ደጋ ልጅ ናት። በአበባው ቁጥቋጦ ላይ ወይንጠጅ እያብረቀረቀ የሚዘለው፣ ጅራቱ ረጅም የሆነው አበባ ቀሳሚ ስሙን ከተከዜ ወንዝ ያገኘው ነው። ይህ ሁሉ ከቁርስ በፊት መሆኑ ነው። ሰውየው ቁርሱን ሲበሉ ከትናንት ማታ ይልቅ በጣም የሚቀርብ ሰው ሆነው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ስለሚወጡ መንገዶች ተዘጉ፤ መኪናው ከሆቴሉ በር አልተንቀሳቀሰም። በእግር ወጣን። ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ወደ ጃንሜዳ ይፈስሳል፤ በነጭ ልብስ መካከል ቆሞ ወፍ መፈለግ አይሞከርም። አስጎብኚው የዚህን ጉዳይ ቁልፍ ያገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እንግዶቹን አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ያለው ቡና ቤት ይዟቸው ወጣ። ለማረፍ ነበር ያሰበው። በረንዳው ግን ከአሮጌ ዛፎች ጫፍ ጋር ትክክል ሆኖ ተገኘ። ከመሬት ሆነው አንገታቸውን ሰብረው ሲፈልጉት የነበረው ሁሉ ከፊታቸው መጣ። ቢጫ ምንቃር ያለው ጭላት ጀርባውን እያሳየ ከታች አለፈ፤ ሹካ የሚመስለውን ጅራቱን ወዲያና ወዲህ እየጠመዘዘ ሲቀዝፍ እያንዳንዱ ላባ ይቆጠራል። አንድ ትልቅ ቁራ ጎረቤት ጣሪያ ላይ አርፎ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጥ ጀመር። ይህ የእኛው ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራ ነው፤ ከማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ከዓለም ቁራዎች በግዝፈት ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ። ቡናው ሁለት ጊዜ ተደገመ። ወፍን ለማቅረብ መነጽር ካልተገኘ ሰውየውን ወደ ወፉ ከፍታ ማውጣት ነው፤ ፎቅ በበዛበት መሀል ከተማ ደግሞ ይህ ቡና ከማዘዝ የበለጠ ወጪ የለውም። በወፍ አስጎብኚነት ሥልጠና ላይ ይህን ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ ማለዳ ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሄድን። ታቦቱ ከዋዜማው ወጥቶ ጃንሜዳ አድሯል፤ ካህናቱም ምእመናኑም ከእርሱ ጋር ናቸው። በቅጽሩ ውስጥ የቀሩት አንድ አረጋዊ ዘበኛና ሁለት እናቶች ነበሩ።

«እንደምን አደሩ አባቴ፣ እንኳን አደረሰዎ» አለ አስጎብኚው።

«እንኳን አብሮ አደረሰን ልጄ። እነዚህ ምን ፈልገው ነው? ታቦቱ እኮ የለም።»

«ወፍ ሊያዩ ነው።»

ዘበኛው እንግዶቹን ከእግር እስከ ራሳቸው ቃኟቸው። «በአገራቸው ወፍ የለም?»

«አለ፤ እንደኛው ያለ ግን የለም አባቴ።»

«እንግዲያ ይግቡ። ሴትየዋ ነጠላ ጣል ቢያደርጉ ደስ ይለኛል።»

ከእናቶቹ አንዷ የራሷን ነጠላ አዋሰች። ዘበኛው ጥቂት እርምጃ አብረውን ከሄዱ በኋላ ማንም ሳይጠይቃቸው ማስጎብኘቱን ተረከቡ። በዱላቸው አንድ ያረጀ ጽድ አመለከቱ፤ ግንዱ ከቅርንጫፉ መለያያ ዝቅ ብሎ ክብ ቀዳዳ አለው። «በቀቀኖቹ የሚያድሩት እዚያ ነው። ፀሐይ ግንዱን ስትመታው ይወጣሉ፤ አሁን ነው፣ ጠብቁ።» ጠበቅን። መጀመሪያ አረንጓዴ ራስ ብቅ አለ፤ ግንባሩ ቀይ ነው፣ ወንዱ ማለት ነው። ግራና ቀኝ አይቶ ተመለሰ። ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ግንባሯ አረንጓዴ የሆነው ሴቷ ተከተለችው። ጥቁር ክንፍ ያላቸው እነዚህ ትንንሽ በቀቀኖችም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ናቸው፤ ጎጇቸውንም የሚያበጁት እንዲህ ባለ የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ሰውየው ደብተራቸውን ማውጣት ረስተው ቆሙ። አስጎብኚው በዚህ ቅጽር አጠገብ ለዓመታት በመኪና አልፏል፤ ቀዳዳውን አያውቀውም ነበር። የሚያውቁት ዘበኛው ናቸው፤ በየማለዳው እዚያው ስለሚቀመጡ።

ቀበና ወንዝ ላይ የነበረው ቆይታ አጭር ነው፤ የውሃው ሽታ አያስቆምም። ሆኖም ሴትየዋ ከድልድዩ ሥር ድንጋይ ላይ ጅራቷን ከላይ ወደ ታች የምትወዘውዝ፣ ሆዷ ወደ ጅራቷ ቢጫ የሆነ ቀጭን ወፍ አይተው ሳቁ። በአገራቸው በበጋ ወራት ከቤታቸው አጠገብ በሚወርድ ወንዝ የሚያይዋት ወፍ ናት። ብርዱን ሸሽታ በየዓመቱ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ትመጣለች፤ ያለ ፈቃድ ደብዳቤ።

ቄራ ሌላ ታሪክ ነው። አስጎብኚው ሰኞ ማለዳ፣ የበዓሉ ዕርድ ገና ሳይጸዳ፣ ወስዷቸው ነበር፤ እኔ አልሄድኩም። በግቢው ዙሪያ ባሉ ዛፎችና ጣሪያዎች ላይ ጥንብ አንሣዎች ተደርድረዋል፤ አባ ኮዳም አለ። እንግዶቹን ከሁሉ በላይ የያዛቸው ትንሹ ጥንብ አንሣ ነው፤ ማጅራቱ ላይ ቆብ የመሰለ ለስላሳ ላባ ያለው፣ ፊቱ የተራቆተና ሲቆጣ የሚቀላው። በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ እንደ ተራ ነገር የሚታየው ይህ አሞራ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ ለመጥፋት በእጅጉ ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል። በአፍሪካ ጥንብ አንሣዎችን በብዛት ከሚጨርሷቸው ነገሮች ዋነኛው መርዝ ነው፤ ለጅብ ወይም ለውሻ የተጣለው መርዝ ሬሳውን የሚያነሣውንም ይገድላል። አውሮፓዊ ወፍ ተመልካች አንዲቱን ለማየት ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጓዝላትን እኛ ሥጋ ስትነጥቀን እንሰድባታለን።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልመለስ። ይህ ሁሉ ወፍ መሀል ከተማ ውስጥ የተገኘው በአጋጣሚ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከ3,200 ሜትር ገደማው የእንጦጦ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ጋጋኖውም ቁራውም በቀቀኑም ቀድመዋት ነበሩ። እንግዳው በሌላ አገር ተራራ ወጥቶ የሚፈልገው የደጋ ወፍ እዚህ የሰፈር ነዋሪ ነው። ለከተማው የማገዶና የቤት እንጨት ብለን በምኒልክ ዘመን ያስገባነው ባሕር ዛፍ ኮረብታውን ሲሸፍን፣ አገር በቀሉ ጽድና ወይራ በብዛት የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር፣ በኤምባሲዎችና በቆዩ ትልልቅ ግቢዎች ውስጥ ነው። ያረጀ ዛፍ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳ ባለበት በቀቀን አለ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ብዙ ሣርና ብዙ ዘንባባ አምጥቷል። ውሃ የሚጠጣው ሣር ለጋጋኖ ድግስ ነው፤ ወጣቱ ዘንባባ ግን ለዛፍ ቀዳዳ ነዋሪ ምንም አይሰጥም። የመንገድ ዳር መናፈሻ ሲነደፍ ከነባሮቹ ዛፎች የትኛው ይቆይ የሚለውን የሚወስን ሰው እንደዚያ ዘበኛ ያለን አንድ አረጋዊ ቢጠይቅ ምንኛ ጥሩ ነበር።

የማይገኘውም መነገር አለበት፤ አለበለዚያ እንግዳን ማታለል ይሆናል። ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይና በጉሮሮው ላይ ቢጫ አንጸባርቆ ረግረግ ሣር ውስጥ የሚሮጠው የኢትዮጵያ ወፍ፣ በመሀል ከተማ አይታሰቡም፤ እንደ ገፈርሳና ሱሉልታ ያለ ረግረግና ግጦሽ ይፈልጋሉ። ባሌንም በረንዳ ላይ ተቀምጦ መተካት አይቻልም። ሰውየው የባሌውን የሰናቴን አምባ ሳያዩ መመለሳቸው እስከ መጨረሻው ቆጭቷቸዋል፤ ጋጋኖውም በቀቀኑም ያንን አላስረሳቸውም።

ሰኞ ከቄራ ሲመለሱ ድርጅቱ ደብዳቤውን አዘጋጅቶ ጠበቃቸው፤ ባይኖኩላሮቹ ቢሮ ከመዘጋቱ በፊት ተመለሱ። ለባሌ ግን ጊዜ አልቀረም፤ መሄጃና መመለሻው ብቻ ሁለት ቀን ይበላል፣ በረራቸው ሐሙስ ነው። ማክሰኞ እንጦጦ ወጡ፤ ረቡዕ ገፈርሳ ሄዱ፣ ዝዩንም በሩቅ፣ ውሃው ዳር፣ በራሳቸው መነጽር አዩት። ፈጣሪ ሳይደግስ አይጣላም አለ አስጎብኚው፤ እኔ ግን ድግሱን የፈጣሪ፣ ጥፋቱን የድርጅቱ አድርጌ መዝግቤዋለሁ።

የገንዘቡ ነገር ቀላል አልነበረም። ድርጅቱ መጀመሪያ ላይ «ዕቃው የተያዘው በደንብ ነው፤ እኛ አልያዝነውም» ብሎ ተከራከረ። እንግዶቹ ያሳዩት የኢሜይል ልውውጥ ግን፣ ምን መሣሪያ ይዘው እንደሚመጡ ከወራት በፊት ተጠይቀው በዝርዝር መመለሳቸውን ያስረዳል። ጠይቆ ያወቀ ሰው አላወቅኩም ማለት አይችልም። በመጨረሻ የባሌውን ማደሪያና የመኪናውን ኪራይ ልዩነት መለሰላቸው፤ የአስጎብኚውን የቀን አበል ግን አልነካም፤ ይህም ተገቢ ነው፣ አስጎብኚው ከተለመደው በላይ ሠርቷልና።

አስጎብኚው አሁን እንግዳ ከመምጣቱ በፊት የደብዳቤውን ቅጂ ካላየ ሥራ አይቀበልም፤ በፕሮግራሙም ላይ «የመድረሻ ቀን» የሚለውን ሰርዞ ማለዳው የአትክልት ቦታ፣ ረፋዱ ቅጽር፣ ከሰዓቱ በረንዳ ብሎ ከፋፍሎታል። ለዘበኛው በየጊዜው ጎራ ብሎ ሰላም ይላል፤ የበቀቀኑ ቀዳዳ ዘንድሮም መያዙን የሚሰማው ከእርሳቸው ነው። ያልተስማማንበት አንድ ነገር አለ። እርሱ ቄራን ከቁርስ በፊት ያስቀምጠዋል፤ ጥንብ አንሣው በማለዳ ይበዛል ባይ ነው። እኔ ከቁርስ በኋላ ይሁን እላለሁ፤ ሴትየዋ የዚያን ቀን ቁርስ አልበሉም።